ሊሚት ይጨመርልኝ

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ አፓርታማ፣ ከሌሊት ፈረቃ የገባች እናት የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፖስታውን ኮሌጅ ለሚማረው ልጇ ዘረጋችለት።

«እስኪ ይቺን አንብብልኝ፤ ፊደሏ ደቃቃ ናት።»

«አልሰጡሽም እማዬ።»

«እሱንማ ፖስታውን ሳየው አውቄዋለሁ። ቢሰጡኝ ኖሮ ያኔውኑ ስልኬ ላይ እንኳን ደስ አለሽ ይሉኝ ነበር። ለምን እንዳሉ ንገረኝ እንጂ።»

እውነቷን ነው። የክሬዲት ካርድ ሊሚት እንዲጨመርለት በስልኩ አፕ የጠየቀ ሰው ከተፈቀደለት መልሱን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በደቂቃ ውስጥ ያየዋል። «ውሳኔያችንን በደብዳቤ እናሳውቃለን» የሚል ከመጣ ግን ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ፖስታው ቤት ሳይደርስ ነው።

ልጁ ምክንያቶቹን ጮክ ብሎ አነበበላት። ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በዚህ ካርድ ብዙም አልተጠቀምሽም ይላል። ሁለተኛው፣ በካርዶችሽ ላይ ያለው ዕዳ ከተፈቀደልሽ ሊሚት አንጻር ሲታይ በዝቷል ይላል።

«ወይ ጉድ! በአንድ አፋቸው አልተጠቀምሽም፣ በአንድ አፋቸው አበዛሽው! ተማክረው ቢጽፉ ምን ነበረበት?»

ተሳቀ። ሂሳቡ ሲታይ ግን ባንኩ አልተምታታበትም። ጭማሪ የጠየቀችበት ካርድ ሊሚቱ 1,500 ዶላር ነው፤ እሷ ግን በየወሩ 60 ዶላር የስልክ ቢል ከመክፈል በቀር አትነካውም። ሌላ ባንክ የሰጣት ሁለተኛ ካርድ አለ። የዚያ ሊሚት 2,000፣ ዕዳው 1,850 ዶላር ነው። ይህኛው ባንክ የዚያኛውን ዕዳ ክሬዲት ሪፖርቷ ላይ ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። በድምሩ ከተፈቀደላት 3,500 ዶላር ውስጥ 1,910ሩ ተይዟል ማለት ነው፤ 55 በመቶ ገደማ።

ሊሚቱን የፈለገችውም ለዚሁ ነበር። የሥራ ባልደረባዋ «አስጨምሪ፣ የክሬዲት ስኮርሽ ይወጣልሻል» ብላታለች፤ ምክሩም ስህተት የለበትም። 1,500ው 4,000 ቢሆንላት፣ ዕዳዋ ሳንቲም ሳይቀንስ የያዘችው ድርሻ ከ55 ወደ 32 በመቶ ይወርድ ነበር። ችግሩ መድኃኒቱን የሚከለክላት ራሱ በሽታው መሆኑ ነው። ሊሚት የሚጨመርለት ሰው ባመዛኙ ጭማሪው የማያስፈልገው ሰው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ስድብ ያነበዋል። አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ «አላበድርህም» ማለት «አላምንህም» ማለት ስለሆነ፣ የተከለከለ ሰው ሰውነቱ የተመዘነ ይመስለዋል። ባንኩ ግን ስለ ሰውነት አልጠየቀም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘቡ ቢወጣ ይመለሳል ወይ፣ ቢወጣስ አተርፍበታለሁ ወይ። ትርፉ የሚመጣው ከወለድና ካርዱ በተጫረ ቁጥር ነጋዴው ከሚከፍለው ኮሚሽን ነው። ሳይነካ የተቀመጠ ሊሚት ለባንኩ ምንም አያስገባለትም፤ ሰውየው ከሥራ በተባረረ ሳምንት ግን ተጠራርጎ ሊወጣ የሚችል ገንዘብ ነው። «ብዙም አልተጠቀምሽም» የምትለው የደብዳቤው ቃል የመጣችው ከዚህኛው ስሌት ነው። የእናትዮዋ ሐቀኝነት በየትኛውም መስመር አልተነሳም።

ስሌቱ በተቃራኒው ሲሠራ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ሊሚት ይጨመራል። ደለስ አየር ማረፊያ የታክሲ ተራ መጠበቂያው ላይ ያገኘኋቸው አንድ አሽከርካሪ እንዲህ ነው የገጠማቸው። ካርዳቸው 2,500 ዶላር ነበር። አንድ ቀን 7,000 ሆኖ አገኙት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳይጠይቁ?»

«ማን ጠየቀ? ታማኝ ደንበኛችን ስለሆኑ የሚል መልእክት መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለባለቤቴ አሳየኋት። በሦስተኛው ወር ለገና አራታችንም አዲስ አበባ ነበርን።»

ትኬቱ ለአራት ሰው 6,000 ዶላር ፈጀ። የካርዱ ወለድ በዓመት 24 በመቶ ነው፤ ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ አማካዩም ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ ብዙም የተጋነነ አይደለም። የመጀመሪያው ወር ዝቅተኛ ክፍያ 180 ዶላር መጣ። ከዚህ ውስጥ 120ው ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚነሳው 60 ዶላር ብቻ። በየወሩ በሚመጣው መግለጫ ላይ ሕግ የሚያስገድዳት አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ስንት ዓመት እንደሚፈጅብህ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በወር ስንት እንደሚያስፈልግህ ታሳያለች። በእሳቸው ዕዳ የመጀመሪያው መልስ ከ15 ዓመት በላይ ነው፤ ሁለተኛው በወር 235 ዶላር ገደማ። ሁለቱን ወርሃዊ ክፍያዎች የሚለያቸው አንድ የቤተሰብ የምሳ ግብዣ ነው። ያቺን ሠንጠረዥ እስከዚያን ዕለት አይተዋት አያውቁም ነበር፤ እኔም አይተዋት የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ሳይጠየቅ የመስጠቱ ነገር ከካርዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገኘው ፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ለሚሆኑ ነዋሪዎች ማንም ሳያመለክት ካርድ በፖስታ ላከ። ባንክአሜሪካርድ ይባል ነበር፤ ኋላ በ1976 ቪዛ የተባለው እሱ ነው። ሊሚቱ እንደ ሰዉ ከ300 እስከ 500 ዶላር ነበር። ባንኩ ጊዜውን ጠብቆ የማይከፈለው ዕዳ 4 በመቶ ቢሆን ነው ብሎ ነበር፤ 22 በመቶ ሆነ። ካርዶች ከየፖስታ ሳጥኑ እየተሰረቁ ማጭበርበሩ ተስፋፋ። አሳቡን ያመነጩት የባንኩ ሰው ጆ ዊሊያምስ ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ። ሳይጠየቅ ካርድ መላክ በሕግ የተከለከለው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ሳይጠየቅ ሊሚት መጨመር ግን አልተከለከለም።

ፍሬዝኖ ላይ የጎደለው ሰዎቹን የሚለይ መመዘኛ ነበር። የሰፈር ባለ ሱቅ ዱቤ ሲሰጥ ደብተሩ ላይ ከመጻፉ በፊት የሰውየውን ቤት፣ ሥራ፣ ያለፈውን ወር አከፋፈል ያውቃል፤ ባንኩ ስድሳ ሺህ ሰው አያውቅም። ይህን ክፍተት የሞሉት ቢል ፌርና ኧርል አይዛክ የተባሉ መሐንዲስና የሒሳብ ሊቅ ናቸው። በ1956 ባቋቋሙት ድርጅት የተበዳሪን ጠባይ በቁጥር መተመን ጀመሩ፤ ዛሬ በሁለቱ ስም ፋይኮ እየተባለ የሚጠራውና ከ300 እስከ 850 የሚሄደው ነጥብ ደግሞ በ1989 ሥራ ላይ ዋለ። ከነጥቡ 35 በመቶው የሚመጣው በወቅቱ ከመክፈል ነው። 30 በመቶው ምን ያህል ዕዳ እንደተያዘ፣ 15 በመቶው የክሬዲት ታሪኩ ዕድሜ ነው፤ የቀረው 20 በአዲስ ብድርና በብድር ዓይነት መካከል እኩል ይከፈላል።

ደመወዝ እዚህ ውስጥ የለም። ይህን ስነግረው የማይደነግጥ ሰው የለም። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያገኝ ሐኪም ነጥቡ 580 ሊሆን ይችላል፤ በሰዓት 18 ዶላር የሚከፈላት አስታማሚ 790 ልትደርስ ትችላለች። ገቢን ባንኩ ለብቻው ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ሕግ ስለሚያዘው ነው። በ2009 ፕሬዝዳንት ኦባማ የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ፣ ባንክ አዲስ ካርድ ሲሰጥም ሆነ ሊሚት ሲጨምር ሰውየው መክፈል መቻሉን እንዲያይ ያስገድዳል። ሕጉ መጀመሪያ ሲተረጎም ቤት የሚውሉ እናቶችን ጎድቶ ነበር፤ የራሳቸው ገቢ ብቻ ይቆጠር ተባለና ባዶ ሆኑ። በ2013 ደንቡ ተሻሽሎ ዕድሜው 21 የሞላው ሰው በተጨባጭ የሚጠቀምበትን የትዳር ጓደኛውን ገቢ ጭምር ማስመዝገብ ቻለ። ብዙ የእኛ እናቶች ዛሬም «ገቢ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ዜሮ ይሞላሉ፤ ያን ጊዜ የሚመጣውን ደብዳቤ ይዘት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ፤ ባንኩ የላከው ለጨዋነት ብሎ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ መነሻው ባሏ ካልፈረመላት ካርድ የማይሰጣት ሴት አቤቱታ ነበር። በ1976 ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ጨመረ። በዚህ ሕግ መሠረት ሊሚት ጠይቆ የተከለከለ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይገባል፤ የተከለከለበት ምክንያትም ተለይቶ ሊነገረው ይገባል። «የባንኩን መስፈርት አላሟሉም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ውሳኔው በክሬዲት ሪፖርት ላይ ከተመሠረተ ደግሞ የሪፖርቱ ድርጅት ስም፣ የታየው ነጥብና ነጥቡን የጎተቱት ዋና ዋና ነገሮች አብረው ይጻፋሉ። ተከልካዩ በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት በነጻ መጠየቅ ይችላል። ሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው፤ ባንኩ ያየው የአንደኛውን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በደብዳቤው ላይ የተጠቀሰውን ነው መጠየቅ። ስማችን ሦስት ትውልድ ስለሚቆጥር፣ አንዱ ሰው በአባቱ ስም አንዱ በአያቱ ስም ስለሚመዘገብ፣ የሌላ ሰው ዕዳ በራሱ ሪፖርት ላይ የተለጠፈበት ሰው ማግኘት ያን ያህል አያደክምም። ስህተት ካለ መከራከር የሚቻለው ደግሞ ሪፖርቱን ያዩት እንደሆነ ነው።

የምክንያቱ ጉዳይ በ2019 ዓለምን ያነጋገረ ክርክር አስነስቷል። ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አፕል ከጎልድማን ሳክስ ጋር ባወጣው ካርድ ለሚስቱ ከተሰጣት 20 እጥፍ የሚሆን ሊሚት ለእሱ እንደተሰጠው በትዊተር ጻፈ፤ ግብር የሚከፍሉት አብረው ነው። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክም እኔና ሚስቴም እንደዚያው ነን አለ። የኒውዮርክ ግዛት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወደ 400,000 የሚጠጉ አመልካቾችን መረጃ መርምሮ በመጋቢት 2021 ሪፖርት አወጣ፤ በፆታ ላይ የተመሠረተ ሕገ ወጥ አድልዎ አላገኘም። ባልና ሚስት አንድ ቤት፣ አንድ የባንክ ደብተር ቢኖራቸውም የክሬዲት ታሪካቸው ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። ቤቱ በእሱ ስም፣ መኪናው በእሱ ስም፣ ካርዱ በእሱ ስም ከሆነና እሷ ተጨማሪ ተጠቃሚ ብቻ ከሆነች፣ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀርብ ቀጭን ናት። ለእኔ ከዚያ ሪፖርት የቀረኝ ባንኩ ነጻ መባሉ አይደለም፤ እነዚያ ደንበኞች ባንኩን «ለምን?» ሲሉት ስልክ ያነሳው ሠራተኛ የሚመልሰው ማጣቱ ነው። እኛ ቤቶች ውስጥ ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሀያ ዓመት አብሮ ቢል የከፈለች ሴት ባሏ የሞተ ዕለት የክሬዲት ታሪክ የሌላት ሆና ትገኛለች።

አዲስ መጤው ደግሞ ከነአካቴው አይታይም። ዲቪ ደርሶት የገባ መምህር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የባንክ ብድር ሲከፍል የኖረ ነጋዴ፣ እዚህ ሲደርስ ሁለቱም ከባዶ ይጀምራሉ፤ የአገር ቤቱ ታሪክ ውቅያኖስ አይሻገርም። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በማስያዣ ካርድ ነው። 200 ወይም 300 ዶላር ታስይዛለህ፣ ያንኑ ያህል ሊሚት ይሰጥሃል፣ በወቅቱ እየከፈልክ ትቆያለህ። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ የገዛ ገንዘቤን መልሶ ሊያበድረኝ ነው ይላል። ነው። ግን በዚያ ገንዘብ የሚገዛው የአከፋፈል ታሪክ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚሁ ሰፈር፣ በእነዚሁ ሰዎች መካከል እቁብ ይጣላል። በወር 1,000 ዶላር የሚጣልበት እቁብ አለ፤ ዳኛው የሚያውቀው ስም ብቻ ነው፣ ዋስ የሚሆነው ጓደኛ ነው። አንድም ወር ሳያጓድል ስምንት ዓመት የጣለ ሰው የክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ስለዚህ አንድ ፊደል አይገኝም። በሌላ በኩል 35 ዶላር የስልክ ቢል ረስቶ አድራሻ የቀየረ ሰው ስሙ ከዕዳ ሰብሳቢ ጋር ለዓመታት ሊነሳ ይችላል። አገር ቤት እንኳ ዛሬ ቁጥሩ ገብቷል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በቴሌብር በኩል ያስጀመራቸው «እንደኪሴ» እና «መላ» የሚባሉት ብድሮች ያለ ማስያዣ የሚሰጡ ናቸው፤ ምን ያህል መበደር እንደምትችል የሚወስነው በስልክህ ያንቀሳቀስከው ገንዘብና ያለፈው አከፋፈልህ ነው። ቀድሞ ከፍሎ ከፍ ያለ ብድር ማግኘትን የአዲስ አበባ ልጆች ከአሜሪካኖቹ ባልተናነሰ ያውቁበታል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ችግር የተፈታውም በእቁብ ነው። ዕጣው ሲደርሳት መጀመሪያ ያደረገችው ያቺን 1,850 ዶላር መዝጋት ነበር። ልጇ ሌላም ነገር አስተካከለላት። ባንኩ ዕዳን ለሪፖርት ድርጅቶች የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ መግለጫው በሚዘጋበት ቀን ነው፤ የመክፈያው ቀን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወሩን ሙሉ ተጠቅሞ በመክፈያው ቀን ሙሉውን የሚከፍል ንጹሕ ሰው ሪፖርቱ ላይ ባለ ዕዳ መስሎ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። መግለጫው ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት መክፈል ጀመረች። የአስቤዛና የቤንዚን ወጪዋን ወደ ትንሿ ካርድ አዞረች፤ አፑ ላይ የነበረው የድሮ ሥራዋ ገቢ በአሁኑ ተተካ። ከወራት በኋላ ድጋሚ ስትጠይቅ በደቂቃ ውስጥ 1,500ው 3,000 ሆነ። የጠየቀችው 4,000 ነበር፤ አልተከራከረችም።

ከመጠየቋ በፊት ግን ልጇ ደውሎ አንድ ነገር አጣርቷል፤ ሪፖርቱን የምታዩት እንዴት ነው ብሎ። አንዳንዱ ባንክ ለጭማሪ ሲጠየቅ ነጥብ በማይነካ መንገድ ያያል፤ አንዳንዱ ልክ እንደ አዲስ ብድር ይመዘግበዋል። ያ ምዝገባ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል። ለቤት ብድር ልታመለክት ሁለት ወር የቀራት ሴት ለ1,000 ዶላር ጭማሪ ብላ ይህን ብታስመዘግብ ከስስት በቀር ስም የለውም። ካርድ በወጣ በሦስት ወሩ፣ ወይም ያለፈው ጭማሪ ገና ሳይቀዘቅዝ መጠየቅም ያው ነው፤ «በቅርቡ ተጨምሮልዎታል» የሚል ደብዳቤ ለመቀበል።

ለታክሲና ለኡበር አሽከርካሪዎች ገቢው ራሱ ችግር ነው። በዓመት 62,000 ዶላር የሠራ ሰው በ2024 40,000 ማይል ቢነዳ፣ በማይል 67 ሳንቲም ተቀንሶለት 26,800 ዶላር ከግብር ያመልጣል። የሚቀረው 35,200 ነው። ግብር ሲከፈል ትንሽ መሆን፣ ባንክ ሲጠየቅ ትልቅ መሆን ያምረዋል ሰው። አብዛኛው ባንክ ለሊሚት ጭማሪ ማስረጃ ስለማይጠይቅ አንዳንዱ «62 ብለህ ጻፍ፣ ማን ያይሃል» ይባባላል። አንዳንድ ባንክ ግን ድንገት የግብር ሰነድ አምጣ ይላል፤ ካርዱንም እስኪያጣራ ያግደዋል። ለባንክ እያወቁ የሐሰት ገቢ መሙላት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ለሊሚት ብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም።

የደለሱ አሽከርካሪ 6,000ውን በወር 235 እየከፈሉ ገፉበት። ሊያልቅ ሲቃረብ ባለቤታቸው አንድ ነገር አሰቡ፤ ሊሚቱ ተመልሶ 7,000 ሆኖ ከሚያያቸው፣ በሚቀጥለው ገና ደግሞ ዘመድ ሁሉ «መቼ ትመጣላችሁ» ከሚል፣ ለምን አይቀንሱትም? እሳቸውም ደወሉ። ገቢዎ ስንት ነው ያላቸው የለም። ሪፖርታቸው አልታየም፣ ደብዳቤ ጠብቁ አልተባሉም። ሠራተኛዋ ወደ ስንት ላውርደው ብላ ጠየቀች፤ 3,000 አሉ፤ ስልኩ ሳይዘጋ ሆነ።

«ግን ይወቁ» አለቻቸው፣ «ዕዳዎ ሳያልቅ ስላወረዱት የያዙት ድርሻ ከፍ ብሎ ስኮርዎ ሊነካ ይችላል፤ መልሰው ከፍ ላድርገው ካሉ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከት ነው።»

የቀራቸው ዕዳ 700 ዶላር ነበር። በሁለት ክፍያ ዘጉት።